ባልተነካ አንገት ላይ ስለተደረገው የተሳካ ቀዶ ሕክምና

ለክቡር ዶክተር አክሊሉ
የኮከበ ምሥራቅ ማስተማሪያ ሆስፒታል ዋና ሥራ አስፈጻሚ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ይህን የምጠይቅዎት ለወግ ያህል ብቻ እንዳይመስልዎት። በሆስፒታልዎ ግቢ ውስጥ ጤና ማግኘት ምን ያህል እንደሚያስቸግር በቅርብ ስለማውቅ፣ እርስዎ ታመው ወደ ራስዎ ሆስፒታል የሚላኩበት ቀን እንዳይመጣ ከልቤ እመኝልዎታለሁ። ለአዲሱ ኃላፊነትዎም እንኳን ደስ ያለዎት። በሆስፒታሉ የፌስቡክ ገጽ ላይ «የአመራር ለውጥና አዳዲስ ክንውኖች» በሚል ርዕስ የወጣውን ዜና ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ አንዴ የተጻፈውን ለመረዳት፣ አንዴ ደግሞ ሳይጻፍ የቀረውን ለመፈለግ።

ራሴን ላስተዋውቅ። ደቻሳ ምልኬሳ እባላለሁ። የምኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም ሲሆን፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የመንገደኛ ሻንጣ ስፈትሽ የኖርኩ የጉምሩክ ሠራተኛ ነበርኩ። መንገደኛው ሻንጣውን ከመክፈቱ በፊት ፈገግ ካለልኝ እስከ ታች ድረስ እበረብርለት ነበር። እኔ ጡረታ ብወጣም ጠባዬ አልወጣም። ባለቤቴ፣ ሽማግሌ ሲመርቀኝ እንኳ ከምርቃቱ ሥር ምን እንዳለ የምፈልግ ሰው መሆኔን ለዘመድ ሁሉ ታወራለች፤ አልተሳሳተችም።

የምጽፍልዎት ስለ እሷ ነው። ወይዘሮ ጫልቱ እንቅርት አለባት። እንቅርቱ ወደ ውጭ ማደጉ አልበቃ ብሎት ወደ ውስጥም አድጎ የመተንፈሻ ቧንቧዋን እየተጫነው ስለሆነ፣ ጋደም ማለት ካቆመች ሰነባብታለች። ትራስ ደራርባ ተቀምጣ ነው የምትተኛው። እኛ የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃውን ስትወጣ በየመሃሉ ግድግዳ ይዛ ትቆማለች፣ የትንፋሿም ድምፅ ከእሷ ቀድሞ ቤት ይደርሳል። የሆስፒታልዎ ሐኪሞች ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልጋትና ነገሩ ጊዜ የሚሰጥ እንዳልሆነ ነግረውናል። የሆስፒታልዎ አስተዳደር ደግሞ ይህችኑ ሴት በተሳካ ሁኔታ ቀዶ አክሞ ወደ ቤቷ እንደሸኛት ለሕዝብ አሳውቋል። ሐኪሙንም አስተዳደሩንም ሐሰተኛ ለማለት አስተዳደጌ ስለማይፈቅድልኝ፣ ቅሬታዬን በቁጥር ከፋፍዬ ለእርስዎ ማቅረቡን መርጫለሁ።

1. ስለ አልጋው

አዲሱ የቀዶ ሕክምና ሕንፃ በተመረቀበት ዕለት ባለቤቴ ለክትትል ቀጠሮዋ መጥታ ተራዋን ትጠብቅ ነበር። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዎ አቶ ቢሩክ በወረፋው መሃል ሲዘዋወሩና ሰው ሲመለከቱ ቆይተው እሷን መረጧት። እናቴ ይምጡ፣ በአዲሱ ሕንፃ አልጋ አለልዎት አሏት። ክቡር ዶክተር፣ እርስዎ ወደዚህ ሆስፒታል የገቡት በሹመት ስለሆነ አያውቁት ይሆናል እንጂ፣ በእኛ በታካሚዎቹ ዘንድ «አልጋ አለ» ከሚለው ቃል የሚበልጥ ቃል የለም። ሰው በር ላይ ጥበቃ የሚለማመጠው፣ የዘመድ ዘመድ ፈልጎ ስልክ የሚያስደውለው፣ ቀጠሮው ተራዘመ ሲባል እሺ ብሎ የሚመለሰው ለዚህች ቃል ብሎ ነው። ባለቤቴም ወረፋዋን ለኋለኛዋ ሴት ለቅቃ ተከተለቻቸው፣ የታካሚ ልብስ ለበሰች፣ ገና ከላስቲኩ በወጣ አንሶላ ላይ ወጣች። መተንፈስ ሲያቅታት ትራስ ጨመሩላት፤ ነጠላዋንም እስከ አገጯ ድረስ ሳብ አድርገው ሸፈኗት። ብርድ እንዳይመታት ያሰቡላት መስሏት መርቃቸዋለች። ከዚያ ለእኔ ደወለች።

«ደቻሳ፣ አልጋ አገኘሁ» አለችኝ። ታለቅስ ነበር።

ያን ዕለት ከመላው ሕይወቴ መርጬ መጠርጠርን ረሳሁ። ብርድ ልብስ፣ ፔርሙዝና ቅያሪ ልብስ በፌስታል ሸክፌ፣ የታክሲ ሰልፍ መጠበቅ አቅቶኝ ኮንትራት ይዤ መጣሁ። ስደርስ ባለቤቴን ያገኘኋት የራሷን ልብስ መልሳ ለብሳ ዋናው በር ላይ ቆማ ነው። እንግዶቹ ሄደዋል፣ ፎቶው ተነስቷል፣ አልጋው ተነጥፎ በሩ ተቆልፏል፤ የሐኪሙም ተራ አልፏታል። አቶ ቢሩክ ስለ ትብብሯ አመስግነው አንድ የታሸገ ውሃ ሰጥተዋታል። ስለ ውሃው በቤተሰቤ ስም ከፍ ያለ ምስጋና አቀርባለሁ።

በማግስቱ በገጻችሁ ላይ የቀድሞው ሥራ አስፈጻሚ የባለቤቴን እጅ ይዘው የሚታዩበት ፎቶ ወጣ። ከሥሩም የአዲሱ ሕንፃ የመጀመሪያዋ ታካሚ የእንቅርት ቀዶ ሕክምናቸውን በስኬትና ያለ አንዳች ችግር አጠናቀው ወደ ቤታቸው መሸኘታቸው ተጽፎ ነበር። መሸኘቷ እውነት ነው፤ የሸኘኋት እኔው ነኝ።

2. ስለ ጠያቂዎቻችን

እኛ ፎቶውን ሳናየው ሰፈሩ አየው። በእኛ ሰፈር ሰው ቀዶ ሕክምና አድርጎ ወጣ ሲባል እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ የለም፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ቀድሞ እዚሁ መሬት ላይ ሲያርስ የኖረውም በዕጣ ቤት ደርሶት ከመርካቶ የመጣውም እኩል ይወጣል። አጥሚት በፔርሙዝ፣ ብርቱካን በፌስታል፣ ለስላሳ በሳጥን አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክመው መጡልን። የዕድራችን ሰብሳቢዎች ሆስፒታል ሳለች ሳይጠይቋት እንዲቀሩ ስላደረግናቸው ከልብ ተቀየሙን። ባለቤቴ ያን ሁሉ ደረጃ ወጥቶ እንኳን እግዜር ማረሽ የሚላትን ሰው አልማረኝም ብላ መመለስ ነውር ሆነባት። ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማ፣ እያቃሰተች አሜን አለች። ማቃሰቷን የቁስሉ ነው ብለው አዘኑላት። እኔም ሌላ መላ ስላጣሁ አጥሚቱን ተቀብዬ አስቀመጥኩ።

በር ለበር የምንዋሰናት ወይዘሮ ወርቄ ግን ለባለቤቴ ከእህት በላይ ናትና ሌላው ሰው ሲሄድ ቀርታ አቅፋ ሳመቻት። ስትስማት እጇ አንገቷ ላይ አረፈ። ቀስ ብላ ወደ ኋላ አለች፣ ሄዳም በሩን ዘጋችው።

«ጫልቱዬ፣ ታዲያ ምኑን ነው ያወጡልሽ?»

ክቡር ዶክተር፣ ከዚህ ጉዳይ ጋር በተያያዘ እስከ ዛሬ ከተጠየቁት ጥያቄዎች ሁሉ ሕክምና የሚሸት ይሄ ብቻ ስለሆነ፣ ለሚመለከታቸው የትምህርት ክፍሎች እንዲመራልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ወይዘሮ ወርቄ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሐኪም አይደለችም። ብትሆን ኖሮ እሷም ሳታይ ትቀር ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ።

3. ስለ ፈተናው

ይህኛውን ራሴም ቶሎ አላመንኩትም። እንደሚታወቀው ሆስፒታልዎ ማስተማሪያ ነው፤ የባለቤቴም አንገት ለማስተማር የተመቸ ነው። ስማቸውን የማናውቃቸው ብዙ ተማሪዎች ከኋላዋ እየቆሙ በጣታቸው ዳስሰውታል። እሷም ትምህርቱን ለምዳው፣ ዋጥ ያድርጉ እስኪሏት ሳትጠብቅ ምራቋን ትውጥላቸዋለች። ታክማ ወጣች ከተባለ ከወራት በኋላ፣ በቀዶ ሕክምና ስፔሻሊቲ ላይ ያለች ዶክተር ናዲያ የምትባል ወጣት ሐኪም ስልክ ደወለችልን። የተማሪዎች የተግባር ፈተና ደርሷልና ወይዘሮ ጫልቱ ለፈተናው ብትቀርብልን የሚል ልመና ነበር። ባለቤቴ፣ ልጆቹ ተምረው ነገ ሌላውን ያድናሉ ብላ ሄደች።

ከፈተናው ክፍል ውጭ ተቀምጬ ስጠብቅ ከሚወጡት ተማሪዎች ወሬ እንደሰማሁት፣ ባለቤቴን ዳስሶ እንቅርት የለም ያለ ተማሪ ይወድቃል። ከዚያው ደረጃውን ወጥቼ አስተዳደሩ ዘንድ የቀዶ ሕክምናዋን ቀን ስጠይቅ ደግሞ፣ እንቅርት አለባት የሚል ሠራተኛ አንድም ጠፋ። ተማሪዎቹ እንቅርቱን ካላገኙት ከትምህርታቸው፣ ሠራተኞቹ ካገኙት ከእንጀራቸው የሚሰናበቱ ይመስላል። በአንድ ሕንፃ ውስጥ፣ በአንዲት ሴት አንገት ላይ ሁለት ተቃራኒ መልሶችን ጎን ለጎን ማስተዳደር መቻል ትልቅ የአመራር ብቃት ስለሚጠይቅ፣ በሚቀጥለው የክንውን ዜናችሁ ላይ እንዲካተት ሐሳብ አቀርባለሁ።

ዶክተር ናዲያን በዚህ ሁሉ አልወቅሳትም። ቀን እንዲያዝላት ደጋግማ ጠይቃ፣ እንደታከመች ስለምትቆጠር አይቻልም ተብላ ተመልሳለች። ይህን ስትነግረን ዓይናችንን ማየት አልቻለችም፤ የሚያፍር ሰው በግቢያችሁ ውስጥ መኖሩ ደስ ብሎኛል።

4. ስለ አመራር ለውጥ

ፎቶ የተነሱት ሥራ አስፈጻሚ ለላቀ ኃላፊነት ታጭተው በደማቅ የሽኝት ፕሮግራም ሄዱ። በቦታቸው የተተኩት ተጠባባቂ፣ ተጠባባቂ መሆናቸውን አስታውሰውኝ ቋሚው እስኪመጣ እንድጠባበቅ አዘዙኝ። ስለዚህ ለጥቂት ወራት ሁለታችንም ተጠባባቂዎች ነበርን፤ ልዩነቱ እሳቸው የሚጠባበቁት ጋደም ብለው መተንፈስ እየቻሉ ነው። ከዚያ እርስዎ መጡ። በመጀመሪያው ንግግርዎ «ከእኔ በፊት የተመዘገቡ ስኬቶችን አስቀጥላለሁ» ማለትዎን ሳነብ፣ አዳራሹ እንዳጨበጨበ ቢጻፍም እኔ ግን ደነገጥኩ። ከእርስዎ በፊት ከተመዘገቡት ስኬቶች አንዱን በየቀኑ ደግፌ ደረጃ የማወጣው እኔ ነኝና።

5. ስለ ማስረጃው

ቢሮዎ ገብቼ ያገኘኋቸው አማካሪዎ በጣም ትሑት ሰው ናቸው። ገና ሳልናገር ፈገግ አሉልኝ፤ ልቤ ያኔውኑ ፈራ። ባለቤቴ ላለመታከሟ ማስረጃ እንዳቀርብ ጠየቁኝ። ማስረጃዋን ይዛ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣለች አልኳቸው። ወጥተው አዩዋት። ቆም ብለው ካሰቡ በኋላ፣ እንቅርት ከታከመ በኋላም ተመልሶ የሚያድግበት ጊዜ ስላለ፣ ከጤና ጣቢያ «ተመልሶባታል» የሚል ሪፈር ይዘን ብንመጣ እንደ አዲስ ታካሚ ሊያስተናግዱን እንደሚችሉ ነገሩኝ።

አልኩዎት እኮ፣ የሻንጣ ፈታሽ ነበርኩ። ተመልሶባታል ብለን ስንፈርም፣ መጀመሪያ ወጥቶላት ነበር ብለን መመስከራችን መሆኑ ወዲያው ታየኝ። ሰው ያልተቀበለውን ነገር ተቀበልኩ ብሎ ሲፈርም በዘመኔ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። አይሆንም አልኩ። ቤት ስንደርስም አይሆንም አልኩ፤ እስከ ፍርድ ቤት እሄዳለሁ፣ ጋዜጠኛ እጠራለሁ፣ ይህን ውሸት በእጄ አላጸድቅም ብዬ ለጫልቱ ነገርኳት። እሷ ትራሷን ተደግፋ እስክጨርስ ሰማችኝ።

«አንተ እውነቱን ጠብቅ፤ እኔ የምፈልገው አየር ነው» አለችኝ።

ክቡር ዶክተር፣ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ እዚያ ያለችውም ነርስ ሁኔታዋን አይታ አዝናልን የተባለውን ጻፈችልን። ያልተነካው እንቅርት ተመልሶ አደገ ማለት ነው። ወረቀቱን ይዤ አማካሪዎ ዘንድ ቀረብኩ። አነበቡት፣ አዘኑም። አዲሱ የቀዶ ሕክምና ሕንፃ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከሕክምና በኋላ ችግር የገጠመው ታካሚ እንደሌለ ለበላይ አካል ሪፖርት ተደርጓል፤ ተመልሶባታል ብለን ከመዘገብናት ይህ የጸዳ ስም ይበላሻል አሉኝ። ያልታከመች ነች ስል ታክማለች፣ ታክማ ተመለሰባት ስል ደግሞ የእኛ ታካሚ አይመለስበትም ይሉኛል። ከእንግዲህ የምትታመምበት በር የቱ እንደሆነ ንገሩን ብዬ ጠየቅኩ። በትዕግሥት እንድጠብቅ ተነገረኝ።

ስድስተኛ ቅሬታ አለኝ፤ በቁጥር ግን አላስገባውም፤ ጥርጣሬ እንጂ ቅሬታ ስላልሆነ። የምጠረጥረው ይህን ነው፦ ለሆስፒታልዎ ከሁሉም የሚቀለው መፍትሔ ምንም አለማድረግ ነው። ወይዘሮ ጫልቱ አንድ ቀን ትንፋሿ ከተቋረጠ፣ የመጀመሪያዋ ታካሚ ከተሳካ ሕክምና በኋላ በሌላ ምክንያት አረፈች ይባላል፣ ጥያቄውም አብሯት ይቀበራል። ይህን ማንም ወንበር ላይ ተቀምጦ አልወሰነም ይሆናል። ግን ማንም ካልወሰነ የሚሆነው ይኸው ነው። ክቡር ዶክተር፣ ጨዋታዬን ለአንድ አፍታ ልተወውና፣ ፈርቻለሁ። ጫልቱ ስትተነፍስ ድምፅዋ ያስፈራኛል፣ ዝም ስትል ደግሞ ይብስብኛል። ያለ እሷ መኖር አላውቅበትም።

ስለዚህ ከእርስዎ የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። የቀድሞው አመራር ተሳስቶ ነበር ብለው እንዲያውጁ አልጠይቅም፤ ባልደረባን ማሳጣት ለእርስዎ እንደሚከብድ ይገባኛል። ፎቶውንም አያንሱት። እንዲያውም ከፎቶው ሥር የተጻፈውን እውነት ያድርጉት፤ ዜናው ቀድሞ ወጥቶ ሕክምናው ቢከተል እኛ ቅር አይለንም። ሰፈራችን አስቀድሞ ጠይቋታልና ሁለተኛ ቢመጣም አጥሚቱን ደስ ብሎን እንጠጣለን።

ይህን ረጅም ደብዳቤ እስከዚህ ካነበቡልኝ ጊዜዎን ስለሰጡኝ፣ ካላነበቡትም ከቀደሙት ኃላፊዎች አሠራር ሳያፈነግጡ ስለቀጠሉ በሁለቱም በኩል አመሰግናለሁ። ዘመነ ሥልጣንዎ ከአንድ ቀዶ ሕክምና የረዘመ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ለወንበርዎ ካለኝ ጥልቅ አክብሮትና ለንግግርዎ ካለኝ እኩል ጥልቅ ጥርጣሬ ጋር እሰናበታለሁ።

ደቻሳ ምልኬሳ
የአዲሱ ሕንፃ የመጀመሪያዋ ታካሚ ባል
ሰሚት፣ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ

ግልባጭ፦
ለዕድራችን ሰብሳቢዎች (በይቅርታ ጭምር)
ለወይዘሮ ወርቄ (ለጥያቄዋ መልስ እስኪገኝ)

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ይህን ደብዳቤ ፈርሜ ልዘጋ ስል አቶ ቢሩክ ስልክ ደወሉ። የአዲሱን አመራር የትውውቅ ፕሮግራም ምክንያት በማድረግ ወይዘሮ ጫልቱ በአዳራሹ ተገኝታ፣ ስላገኘችው ሕክምና በእርስዎ ፊት ምስክርነት እንድትሰጥ ጋብዘዋታል። የምሳ ግብዣም ስላለ፣ የእሷ የጾም ይሁን የፍስክ ብለው ጠየቁ። ባለቤቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደች። «እመጣለሁ ልጄ፣ የምግቡን ነገር ተወው። ቀዶ ሕክምና የሚመጣ ሰው በባዶ ሆዱ ነው የሚመጣው» አለቻቸው። መልሱን ከእርስዎ እንጠብቃለን፤ እሷ ግን ከዋዜማው ጀምሮ እህል አትቀምስም።